ዩሪያ የነካው መደብ

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሃሊማ ከዋሄን ገበያ ስትመለስ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፈትቼ ሳየው ነጭ፣ ክብ ክብ፣ ከጨው ትንሽ ከፍ የሚል፣ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል ነገር ነው። ስሙን ማንም ሳይነግረኝ ጣቶቼ አወቁት፤ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ነው። መልሼ ቋጠርኩትና ልጄ ቤዛ የማትደርስበት ቦታ፣ ከማድቤቱ በር በላይ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ።

«ምነው፣ እባብ ያመጣሁልሽ መሰለሽ?» አለችኝ እትዬ ሃሊማ።

እትዬ ሃሊማ አሠሪዬ ናት። የሐርጌሳ ሰው ብትሆንም ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ከግቢው ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ወንድሟ ከከተማ ወጣ ብሎ ቲማቲም ያመርታል። ችግኙ የሚፈላው ግን እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከጥላው ሥር በተደረደሩ የተቆረጡ ጀሪካኖች ላይ ነው። አባቴ ችግኝ ያፈላ እንደነበር አንድ ቀን በጨዋታ መሃል አምልጦኝ ከነገርኳት ወዲህ፣ ከልብስ ማጠቡና ከምግብ ማብሰሉ ላይ ይኸም ተጨመረልኝ።

«ወንድሜ መሬቱን አርሶ ጨርሶ ጠዋት ማታ እየደወለ ጆሮዬን በላው» አለች። «ትንሽ ጣል ጣል አድርጊባቸውና ቶሎ ይነሱ።»

«እትዬ፣ በዚህ የተቻኮለ ችግኝ ያርራል።»

«አንቺን ደግሞ የማያስፈራሽ ምን አለ? ትናንት የጋዙን ሲሊንደር ሦስት ጊዜ ነው ያሸተትሽው። ወላሂ ቆጥሬሻለሁ!»

እውነቷን ነው። እኔ የምፈራ ሰው ነኝ። የግቢውን በር ቆልፌ ተመልሼ እነካዋለሁ። ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ እኔው ራሴ እመልሳታለሁ፤ ከዚያ ውጭ ከግቢው የምወጣው ለገበያ ብቻ ነው። ቢሆንም በችግኝ ጉዳይ የፈራሁት ከተፈጥሮዬ አልነበረም። «በእኔ መንገድ ልሥራው፤ ካልሆነ ትቆጪኛለሽ» አልኳት። እጇን አወናጭፋ ገባች። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ሥራዬን እየሠራሁ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ወሎ፣ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የመስኖ ቦይ ዳር ነበር። አባቴ ቲማቲምና ቃሪያ ያመርታል። መስኖ ዳር ያደጋችሁ የእኔ ዘመን ልጆች የቲማቲም ችግኝ እጅ ላይ የሚተወውን ሽታ ታስታውሱታላችሁ። መረር ይላል፣ ግን ያስደስታል። ጣትን ቢጫ አረንጓዴ ያደርጋል፤ ታጥበነው ምሳ ስንበላ እንኳ ይሸተናል። መምህራችን ደብተር ሲያርም አንዱን አንስቶ ወደ አፍንጫው ያስጠጋና «የዚህ ባለቤት ስሟን ባትጽፍም ግድ የለም» ይል ነበር። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምክንያቱም ከውስጥ ያለው ሁሉ በቀይ «ትክክል» የተደረገበት ነው።

አራተኛ ክፍልን ሦስተኛ ወጥቼ ጨረስኩ። በዚያ ክረምት እናቴ መንታ ወልዳ አልጋ ላይ ዋለች። ወተቷ ነጠፈ፣ አቅም አጣች። መስከረም ሲጠባ አባቴ ጠራኝና «ዘንድሮ መደቡ ያንች ነው» አለኝ። መደብ የምንለው ችግኝ የሚፈላበትን፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተደለደለ አፈር ነው፤ የእኛ ስድስት ነበር። «ችግኙ ከመደብ የተነሳ ዕለት ደብተርሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

መምህሩ ይህን ሰምቶ ቤታችን ድረስ መጣ። ከአባቴ ጋር ቆመው ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ «ጥቅምት እስኪያልቅ ስሟን መዝገብ ላይ እይዝላታለሁ። ከዚያ ካለፈ መዝገቡ ይዘጋል፤ እኔም አልችልም» አለ። አባቴ በጣቱ ቆጠረ። የቲማቲም ችግኝ ከአንድ ወር ጥቂት ቀን ቢያልፈው ነው፤ መስከረም መጀመሪያ ላይ የተዘራ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይነሳል። «ትደርሳለች» አለ። እኔም ያን ቃል ይዤ መደቡ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ጠዋትና ማታ በሚስማር በተበሳሳ ጣሳ ውኃ ማርከፍከፍ፣ ዶሮና ፍየል ማባረር፣ አረም መንቀል ነው። ከባዱ ነገር ከዚያ አለመነቃነቅ ነበር። አንድ ቀን ቦዩ ዳር ቅልሞሽ ስጫወት ዶሮ ገብታ የመደቡን ጥግ ጫረችው። አባቴ አልመታኝም፤ በዱላው ጫፍ መሬቱን ከአጥሩ እስከ ቦዩ አሰመረና «ከዚህ ወዲያ እግርሽን እንዳላይ» ብሎ ሄደ። መስመሩን ነፋስና ዶሮ በነጋታው አጠፉት። እኔ ግን የት እንደነበረ አውቅ ነበርና አላለፍኩትም።

ትምህርት ቤቱ ከእኛ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። ደወሉ ግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ሲመታ ድምፁ ሸለቆውን ሞልቶ እኔ ዘንድ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሲመታ አሁን ተሰለፉ እላለሁ። ሁለተኛው ሲመታ አሁን ሒሳብ ነው እላለሁ። ጠዋትና ከሰዓት ልጆቹ በአጥራችን ጥግ ያልፋሉ።

«የቲማቲም ዘበኛ! ጠመንጃሽ የታለ?»

«ዘበኛዋ! ዛሬ ስንት ሌባ ያዝሽ?»

ጓል አንስቼ እወረውርባቸዋለሁ። «ምሳችሁን የማበቅለው እኔ ነኝ፣ እናንተ ከንቱዎች!» እላለሁ። ካለፉ በኋላ ጣሳውን ይዤ እንደሚያርከፈክፍ ሰው አጎንብሼ አለቅሳለሁ።

በዚያ ዓመት አንድ አዲስ ነገር ነበር። የፋብሪካ ማዳበሪያ ስለተወደደ አባቴ ያገኘው አንድ ጆንያ ዳፕና አንድ ጆንያ ዩሪያ ብቻ ነው፤ አብዛኛውንም ለበቆሎው አስቦታል። ስለዚህ መደቡ ላይ ከወትሮው ግማሹን ዳፕ ብቻ አድርጎ ቀሪውን በአባ ይመር ብስባሽ ሊተካው ወሰነ።

አባ ይመር ከቅንጭብ አጥራችን ወዲያ የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። በአገሩ ፍግ አብስሎ የሚጠቀም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከጓሯቸው ሁለት ጉድጓድ አላቸው። እበቱን፣ የፍየል በጠጡን፣ የጤፍ ጭዱን፣ አመዱን፣ ለምለም ቅጠሉን ድርብርብ አድርገው ውኃ ያጠጡና በሣር ይከድኑታል። ከዚያ ረጅም እንጨት መሃሉ ላይ ሰክተው ይተዋሉ። በየጊዜው እንጨቱን ይመዙና ጉንጫቸው ላይ ያስጠጉታል። ትኩስ ከሆነ «ገና ተቆጥቷል» ብለው መልሰው ይሰኩታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ይገለብጡታል። «ያልተገላበጠ ያራል» ይላሉ፤ እኛ ለዳቦ የምንለውን እሳቸው ለፍግ ያደርጉታል። እንጨቱ ቀዝቅዞ ሲወጣ፣ ፍጉም ከብት ከብት መሽተቱን ትቶ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት፣ ያን ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ሰው ግን ይስቅባቸዋል። «አባ ይመር ከሚስታቸው ይልቅ ፍጋቸውን ነው የሚያገላብጡት» ይባል ነበር። ሚስታቸውም «እውነት ነው» ብለው አብረው ይስቁ ነበር።

ችግኙ በቀለ። ሁለተኛውን ቅጠል አወጣ፣ ሦስተኛውን አወጣ። እኔ በየማለዳው በስንደዶ እለካዋለሁ። ስንደዶውን በጥፍሬ ምልክት አድርጌበት በማግሥቱ ስመለስ ምልክቱ እዚያው ነው። ችግኙ ሥር እየሰደደ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። በብስባሽ ያደገ መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚሄደው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን የሚታየውን ብቻ ነው የምታምነው።

አንድ ከሰዓት ከፊቴ ወንበር ትቀመጥ የነበረች ጓደኛዬ በአጥሩ ቀዳዳ የአምስተኛ ክፍል መጽሐፏን አሳየችኝ። «ዐሥራ ሁለት ገጽ ሄደናል» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን ዐሥራ ሁለቱን ገጽ ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። አባቴ በቆሎው ላይ ያን ነጭ ነገር ሲያደርግ፣ በሳምንቱ በቆሎው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲመዘዝ አይቻለሁ። ቲማቲሙስ ለምን አይመዘዝም? ቶሎ ከተነሳ ቶሎ እሄዳለሁ።

በማግሥቱ አባቴ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጎተራው ሥር ካለው ጆንያ በሁለት እጄ ሙሉ ዩሪያ ዘገንኩ። ጠሉ ገና ቅጠሉ ላይ ነበር። እንደ ጨው በተንኩት። ፍሬዎቹ ቅጠሉ ላይ እየተጣበቁ ሲሟሙ እያየሁ ደስ አለኝ። ለእያንዳንዱ መደብ አልበቃ ሲለኝ ተመልሼ ሌላ ዘገንኩ።

በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት እንደላሰው ወረቀት ቡናማ ሆነ። በአምስተኛው ቀን አንገታቸውን ደፉ። ውኃ ባጠጣቸው፣ ባጠጣቸው፣ የሚነሳ የለም። ስድስቱም መደብ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኛ።

አባቴ መጥቶ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቅንጭቡ አጥር ዞረ። «ይኼ ሽማግሌ! ይኼ የሽማግሌ ፍግ!» እያለ ሄደ። ጥሬ ፍግ ችግኝ እንደሚያቃጥል ሰው ሁሉ ያውቃልና ሌላ ምክንያት አልፈለገም። ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ጮኸባቸው። «ሰው ሁሉ ሲስቅብህ እኔ አመንኩህ! ልጄን ከትምህርት አስቀርቼ ያስጠበቅሁት መደብ ነው!»

አባ ይመር ተከትለውት መጡ። መደቡ ዳር ቁጢጥ አሉ። አፈሩን በጣታቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉት፣ ተፉት። ዩሪያ ምላስ ላይ እንዴት ቀዝቅዞ እንደሚመር አንዴ የቀመሰ ሰው አይረሳውም፤ አወቁት። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጣሳውን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። የአባቴ ዱላ ከጎኔ ነው። ዱላውንም አዩት።

«ፍጉ ሳይበስል አውጥቼው ይሆናል፣ ጎረቤት» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አውፍ በለኝ።»

አባቴ «ከእንግዲህ ፍግ የሚባል ነገር መደቤ ላይ እንዳላይ» ብሎ ጨረሰ።

በማግሥቱ አባቴ አፈሩን ገልብጦ አዲስ ዘር አመጣ። ለእኔም ሁለት ብርጭቆ ዳፕ ለየመደቡ፣ ከበቀለ በኋላ ደግሞ ዩሪያ በቁንጥጫ እንዳደርግ ሰፍሮ ሰጠኝ። እሱ ዞር ሲል ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰማሁ።

«አንች ልጅ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አባ ይመር።»

«እንግዲያማ ልቀሚ!» አሉና በቅንጭቡ ሥር ባለው ቀዳዳ አንድ ቅርጫት የበሰለ ብስባሽ ገፋ አደረጉልኝ። ለስላሳ ነው፣ ጥቁር ነው፣ አይሸትም። «ለምን አልነገሩብኝም?» አልኳቸው። «የአባትሽ ዱላ ረጅም ነው። የኔ ስም ደግሞ አርጅቷል፤ ቢቆሽሽም ግድ የለው» አሉኝ። በዚህ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በወንፊት ነፋሁት፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ ጥቂት አሸዋ አድርጌ ከመደቡ ጋር አዋሃድኩትና ዘሩን ዘራሁበት። አባቴ ከሰፈረልኝ ዳፕ ሩቡን ብቻ ተጠቅሜ የተረፈውን በጆንያው ውስጥ መለስኩት። ዩሪያውን ጨርሶ አልነካሁትም፤ መለስኩት። ይህን ሁሉ ያደረግሁት እንደ ሌባ፣ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነው። በየአራት ቀኑ አንድ ቅርጫት በቀዳዳው ይመጣል፤ ባዶው ይመለሳል።

ጥቅምት ገባ። አዲሱ ችግኝ ገና ሁለት ቅጠል ነው። ቀኖቹን እቆጥር ነበር፤ ብቆጥራቸውም እንደማይበቁ አውቃለሁ። የተቃጠለው ቢቆይ ኖሮ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይነሳ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ተርፎኝ እደርስ ነበር። ይህን ሒሳብ የሠራሁት በራሴ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። የወሩ መጨረሻ ቀን መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲወርድ አጥራችን ጥግ ቆመ። «የሺ፣ ስምሽን ዛሬ ሰረዝኩት» አለኝ። «የከርሞ ሰው ይበለን።» ሸሚዙ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። እሺ አልኩት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ችግኙ ከመደብ ተነሳ። እንዲህ ያለ ችግኝ በአገሩ አልታየም። ግንዱ እርሳስ ያክላል። ሲነቀል ሥሩ ነጭና ብዙ ነው፤ አፈሩን ጨብጦ ይዞ ይወጣል እንጂ አይራገፍም። ማሳ ላይ ሲተከል አንድ ቀን እንኳ አልጠወለገም። ገበሬዎች ከቦዩ ማዶ ሳይቀር እየመጡ አዩት። አባቴ ጆንያዎቹን ከፍቶ ማዳበሪያው እምብዛም አለመጉደሉን ሲያይ «በሩቡ ይኼን አወጣች!» ብሎ ጮኸ። ትከሻዬን ይዞ ለሰዎቹ «የዚች ልጅ እጅ ያበቅላል» አላቸው። በዕድሜዬ አባቴ በሰው ፊት ያመሰገነኝ ያን ቀን ነው። ከአጥሩ ወዲያ አባ ይመር ጉድጓዳቸውን ሲገለብጡ የአካፋቸው ድምፅ ይሰማኛል።

በሚቀጥለው መስከረም ደብተሬን አዘጋጅቼ ስጠብቅ አባቴ ዘር ይዞ መጣ። «እንዲህ ያለ እጅ ይዘሽ ትምህርት ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። በፍቅር ነው ያለኝ። እጄ አይደለም፣ ብስባሹ ነው ብል በቂ ነበር። ያን ካልኩ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ብስባሹ ጥሩ ከሆነ የመጀመሪያውን ምን አቃጠለው? ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። በዚያው ተዘጋ። በሦስተኛውም ዓመት፣ በአራተኛውም እንዲሁ። ሰው ከሩቅ እየመጣ «የየሺን ችግኝ» ይወስዳል፤ የአባ ይመርን ፍግ ግን በቀዳዳው ከምቀበላቸው ከእኔ በቀር የሚወስድ አልነበረም። የተረፈውን የራሳቸው ጎመን ላይ አፈሰሱት። እውነቱን ሳልናገርላቸው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ትዳሩም፣ ጅግጅጋም፣ ድንበሩም። የማውቀውን ፊደል እንዳልረሳ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ እዚህ ደረስኩ። አሁን በእትዬ ሃሊማ ግቢ ውስጥ አንድ በርሜልና አንድ ረጅም እንጨት አለኝ። የፍየል በጠጡን ከሼክ ኑር ሰፈር በአህያ ጋሪ የሚያመጣልን ሰው አለ። ውኃ በቦቴ በሚገዛበት አገር ብስባሽ የገባበት አፈር እርጥበት ስለሚይዝ እትዬ ሃሊማም ወዳዋለች፤ መጀመሪያ «ቤቴን ልታገሚው ነው!» ብላ የጮኸችው ተረስቷል። ከዚያ ፌስታል አንድ የሻይ ማንኪያ በትልቅ ባልዲ በጥብጬ፣ ሥራቸው ላይ ብቻ አጠጣኋቸው፤ ቅጠሉን ሳላስነካ። የቀረውን ብስባሹ ሠራው። ወንድሟም ጥቂት ቀን ታግሦ ወሰደ።

ልጄ ቤዛ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት። ወደ ጀሪካኖቹ ስትጠጋ አባርራታለሁ። «እማ፣ እንዴት እንደሚነፋ አሳዪኝ» ስትለኝ «ሂጂ አጥኚ» እላታለሁ። ስለዚህ ሳልነግራት ያየችውን ይዛ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ በአሮጌ ማንቆርቆሪያ የቃሪያ ፍሬ ዘርታ ኖሯል። እኔ አላወቅሁም። ያየችው እትዬ ሃሊማ ናት።

«ማሻአላህ! የሺ፣ ነይ እዪ!»

ሄድኩ። ዐሥር የሚሆኑ የቃሪያ ችግኞች፣ አጭር፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ። የእኔን ያስንቃሉ። ቤዛ አጠገባቸው ቆማ ጭቃ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፤ ፊቷ በርቷል።

«የዚች እጅ ካንቺም ይበልጣል አቦ!» አለች እትዬ ሃሊማ። «ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትርዳሽ። ትምህርቱ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ከሰዓት ትገባለች።»

እትዬ ሃሊማ ክፉ ሰው አይደለችም። እንደ ጨዋታ ነው የተናገረችው። እኔ ግን በእሷ ድምፅ የአባቴን ቃል ሰማሁ። «የሷ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የዘራሁት። የሷ እጅ ያደርቃል፤ የነካችው ነገር በቅሎ አያውቅም።»

«ኧረ አንቺ ምቀኛ እናት!» ብላ እትዬ ሃሊማ ስቃ ገባች። ነገሩም በዚያ ቀረ።

ቤዛ አልሳቀችም። የተጠረገውን እጇን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ እጄን አልያዘችም፤ ሁለት እርምጃ ከፊቴ ሄደች። መኪና እንዳይመታት ጥግ ጥጉን ያዢ እያልኩ ተከተልኳት። ከትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ዞረችና «እማ፣ ለምን ዋሸሽ?» አለችኝ። ሻሿን አስተካከልኩላት። «ግቢ፣ ይዘጉብሻል» አልኳት።

እኛ ልጆች ሳለን እንዲህ ብለን አንጠይቅም ነበር። የተወሰደብንን ተወስዶብን፣ የተሰጠንን ተሰጥቶን፣ መስመሩ እስከ የት እንደሆነ አውቀን እንቀመጣለን። አባቴን ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ብጠይቀው ምን ይመልስልኝ እንደነበር አላውቅም። የዛሬዎቹ ዓይን ዓይናችንን እያዩ ይጠይቁናል። ደስ ይለኛል። መልስ ግን አላዘጋጀሁም።

ከሰዓት ስመልሳት እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ይኸው አራት ቀን ሆነ። ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ ለእሷ ገና ነው።